የባሂራ ተራ

ቡታጅራ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ሸምሶን የማያውቅ ካለ፣ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። ረጅም ነው፤ ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ሲሄድ አንደኛው እግሩ ይራመዳል፣ ሌላው ይከተላል። ሰርግ ላይ ሥጋ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። የእድር ድንኳን ሲተከል ትእዛዝ የሚሰጠው፣ ሁለት ጎረቤት በአጥር ሲጣላ መሃል የሚገባውም እሱ። «ሸምሶ ካካፈለው ላይ የሚያጉረመርም የለም» ይባላል። ለምን ቢሉ፣ የራሱን ድርሻ የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚነሳ ነገር አይቀርም።

ይህን ጠባይ ያመጣው ከሰሜን ነው። በደርግ ጊዜ፣ ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል፣ ከመስቃን ገጠር ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ሄደ የምንለው ለክብሩ ነው እንጂ በርበሬ ሊሸጥ ገበያ በወጣበት ታፍሶ ነው የተወሰደው። ኤርትራ ተራራ ላይ፣ ምሽግ ውስጥ፣ ውሃ በጀሪካን ይመጣል፤ ሳይመጣም ይቀራል። ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ጀሪካኑ ላይ ይተክላል። አከፋፋይ እንዲሆን የተመረጠው ሸምሶ ነበር። በኮዳ ክዳን እየለካ ያድላል፤ የራሱን መጨረሻ ይቀዳል። አንድ ቀን ለራሱ ሳይደርሰው ቀርቶ፣ ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ ድረስ ዝም ብሎ ዋለ። ያን ዕለት አጠገቡ የነበረው ሀብተጊዮርጊስ፣ ዛሬ ጥያ ላይ የሚኖር አያት ሆኖም፣ ይህችን ነገር ሳያወራ አንድ ብርጭቆ ጠላ አይጨርስም።

ሠራዊቱ ሲበተን ሸምሶ ጉልበቱ ውስጥ የቦምብ ፍንጣሪ ይዞ፣ ከሰው ደጅ እየለመነ፣ ሀገሩ ገባ። ጎዳናው ላይ ልጆች ሳቁበት፤ ትልልቆቹም ፊታቸውን አዞሩበት። ቡታጅራ ገበያ ሲደርስ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ከቋጠሮዋ ቆጮ ቆርሳ ሰጠችውና፣ «የማን ልጅ ነህ?» አለችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ስሙን ሳይሆን ወገኑን የጠየቀው ሰው እሷ ነበረች። ባሂራ ትባላለች። ልታገባው ስትል ወንድሞቿ፣ «እግሩ የማይታጠፍ ሰው ምን አርሶ ሊያበላሽ ነው?» ብለው ጮሁ። «እኔስ የሚታረስ ምን መሬት አለኝና!» አለች። ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው ባሂራ ናት፤ ይህን ሸምሶም አይክድም። ጡረታ የለውም፤ ጉልበቱ ከባድ ሥራ አያስነካውም። ባሂራ ግን ገበያ ቀን ላስቲኳን አንጥፋ፣ በርበሬዋን ቆልላ፣ ነፋስ ሲነሳ ላስቲኩ እንዳይገለበጥና ገበያው በሙሉ እንዳያስነጥስ ዳር ዳሩን በድንጋይ ትይዘዋለች። ከድንጋዮቹ አንዱ እንደ ዳቦ ድቡልቡል ያለ፣ ከብዙ ዓመት መነካካት የተነሳ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነበር። ሴት ልጃቸው ሃሊማ በዚያ በርበሬ ተምራ፣ በዚያው በርበሬ ተድራ ወልቂጤ ገብታለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ባሂራ ባሏን፣ «የሃሊማ አባት፣ ጡቴ ውስጥ አንድ ነገር አለ» አለችው።

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እንደ ባቄላ። አያመኝም፤ ግን አይሄድም።»

ሸምሶ ደነገጠ። ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ነገራት። ባሂራ ግን ጡቷን ለወንድ ሐኪም ከማሳየት ሞቷን የምትመርጥ ሴት ናት። «ሴት ሐኪም ብትሆን» አለች፤ ነገሩም እዚያው ላይ ቆመ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ባሂራ እንኳ አልደበቀችም፤ ለአንድ ሰው ተናግራ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ የሚሠሩ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ሐኪሞችና ነርሶች የመስቀል ዕረፍታቸውን ሰውተው ሊመጡ ነው፤ የቀድሞ ወታደሮችን ከነቤተሰባቸው በነፃ ሊያክሙ ነው። አስተባባሪዋ ዶክተር ማስተዋል የምትባል ሴት ናት። አባቷ ወታደር ነበር፤ ቁስሉ እያመረቀዘ፣ አንድ ሐኪም ሳያየው ሞቷል። ባሂራ «ሴት ናት?» አለች፣ ሁለት ጊዜ። «ሴት ናት» አላት ሸምሶ። ያን ለት ባሂራ ከወትሮው በላይ ስታወራ አመሸች።

ሐኪሞቹ ሦስት ቀን የሚያክሙበት ቦታ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለ ትምህርት ቤት ሆነ። ሰልፉን ማን ይጠብቅ ሲባል፣ ምን ምክክር ያስፈልገዋል? ሃምሳ አለቃ ሸምሶ ነዋ! ሀብተጊዮርጊስ ከጥያ መጥቶ የጀሪካኑን ታሪክ ለሐኪሞቹም አወራላቸው። ሸምሶ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ያን ዕለት ጠዋት ጉልበቱ ያልታጠፈው በፍንጣሪው ሳይሆን በኩራቱ ይመስል ነበር።

በእኛ ሀገር የሚሰለፈው ሰው ብቻ አይደለም፤ ድንጋይም ይሰለፋል። ለዘይትም ይሁን ለስኳር፣ ሰው ማልዶ ይመጣና ድንጋዩን በቦታው አስቀምጦ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ድንጋይ አይደክመው፣ አይርበው። የሰው ድንጋይ ማንሳት የሰው ሚስት ከመንካት አያንስም፤ ይህ መብት ያለው ሰልፍ ጠባቂው ብቻ ነው። ባሂራም እንደ ማንም ሰው ማልዳ መጥታ ያንን ጥቁር ድንጋይዋን ሦስተኛ ላይ አስቀመጠች። ማንም አልሰጣትም፤ ቀድማ መጥታ ያገኘችው የራሷ ቦታ ነው። ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

ሰው ሲሞላ ገሠሠ የሚባል የድሮ መድፈኛ ድንጋዮቹን ከላይ እስከ ታች አያቸውና፣ «ሃምሳ አለቃ» አለ ጮክ ብሎ፣ «ይቺ ሦስተኛዋ ድንጋይ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች ልበል?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ገሠሠ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ነው ክዳን የሌለው። ቀልዶ ረሳው። ሸምሶ ግን ፊቱ ጋለ። የዕድሜ ልክ ስሙን በአንዲት ድንጋይ ሊያጣ ነው! ጎንበስ ብሎ፣ የማይታጠፈውን እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ድንጋዩን አነሳና ከሰልፉ ጭራ ወስዶ አኖረው። ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ባሂራ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆና አየችው። ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈችና ድንጋይዋ ወደሄደበት ሄዳ ተቀመጠች።

የዚያን ዕለት ተራዋ አልደረሰም። ቤት ሲገቡ ሸምሶ፣ «ነገ» አላት።

«ኢንሻአላህ» አለች።

በማግስቱ ደግሞ ከወልቂጤና ከጉብሬ የተሳፈሩ ወታደሮች ከነሚስቶቻቸው ወረዱ። የሩቅ ሰው ይቅደም፤ መኪና ያመልጠዋል። ይህ ደግ ሕግ ነው፤ ሸምሶ ያወጣው፣ ሁሉም የተስማማበት። የከተማው ሰው ወደኋላ ተገፋ። ከከተማው ሰዎች መሃል ደግሞ አንዷን ከሁሉም ኋላ የገፋት ሸምሶ ራሱ ነው። ዓይኖች ያዩታል ብሎ። ሲመሽ «ነገማ የግድ ነው» አለ። ባሂራ በዚህ ጊዜ ኢንሻአላህ አላለችም፤ ማሰሮውን ነበር የምታጥበው።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለውን ሰው እናውቀዋለን፤ ሚስቱን እየገላመጠ ለመንገደኛ የሚስቅ ነው። ሸምሶ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ባሂራን ይወዳታል። ችግሩ የሷን ነገር የራሱ ነገር አድርጎ መቁጠሩ ነው፤ የራሱን ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ያደርጋል። ምሽግ ውስጥ ከራሱ ክዳን ነበር የሚሰጠው። አሁን የሚሰጠው ከማን ክዳን እንደሆነ አላስተዋለም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰልፉ አለቀ። ባሂራ ከክፍሉ ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ፣ ድንጋይዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከእሷ በፊት የቀረ ሰው የለም። ውስጥ ያለው ሲወጣ ልትገባ ነጠላዋን አስተካከለች። ያኔ አንድ ባጃጅ ከመናኸሪያው እየተንገጫገጨ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከጉብሬ የመጣ ባዩ የሚባል ወታደር ነው፤ አሮጊት እናቱን አዝሏል። «ድረሱልኝ ወንድሞቼ!» ይላል። ሸምሶ ወደ ባሂራ ዞረ። ባሂራ ዓይኑን አይታ ምን ሊላት እንደሆነ ገባት፤ ሳይናገር ጠጋ ብላ መንገድ ለቀቀች። የባዩ እናት ገቡ። ሕክምናቸውም ረዘመ።

ዶክተር ማስተዋል ስትወጣ ፀሐይ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በታች ሆናለች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ግቢው ውስጥ ነርሶቹ ካርቶኖቹን መኪና ላይ እየጫኑ ነው። እሷ ግን በሩን ተደግፋ፣ «ጋሽ ሸምሶ፣ የቀረ ሰው አለ?» አለች።

ሸምሶ የልጅቱን ድካም አየ። መኪናውን አየ። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል። ሁሉን ሰው ካሳከመ በኋላ «የኔ ሚስት ቀርታለች» ማለት አፉ ላይ መጣና መልሶ ዋጠው። ልጅቷን አቁሞ፣ ሰውን ሁሉ አስጠብቆ፣ ለራሱ!

«የለም ልጄ» አለ። «ሁሉም ታይቷል።»

ይህን ሲል ባሂራ ከክርኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አልተናገረችም። ለምን አልተናገርሽም የሚል ካለ፣ ባሏን በሰው ፊት ውሸታም የምታደርግ የቡታጅራ ሴት አሳዩኝ እለዋለሁ።

ከዚያ ምስጋና ሆነ። ያረጁት ወታደሮች ተሰበሰቡ፤ አዋጥተው የገዙትን ነጭ ጋቢ ሀብተጊዮርጊስ በሸምሶ ትከሻ ላይ ጣለ። «ይህ ሰው» አለ፣ «ትናንት በውሃ፣ ዛሬ በሰልፍ፣ አድልቶ አያውቅም። ሚስቱን እንኳ ከሰው አላስቀደመም!» ተጨበጨበ። ባሂራም ድንጋዩን ከጭኗ ወደ ደረጃው አውርዳ አጨበጨበች። ሸምሶ ደስ አለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በጣም ነው ደስ ያለው።

ዓመቱ እንደማንኛውም ዓመት አለፈ። ሃሊማ ስልክ በደወለች ቁጥር፣ «እማዬ፣ ሐኪም አየሽ?» ትላለች። ባሂራ፣ «ያቺ ሴት ሐኪም ስትመለስ» ትላለች። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። የሚያውቁትን ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። በርበሬ ተለቀመ፣ ደረቀ፣ ተሸጠ። ባቄላዋ እንቁላል አክላለች ብሎ የሚነግረን የለም፤ ባሂራ ግን ላስቲኳን በግራ እጇ ማንጠፍ እንደተወች ሸምሶ አየ። ቆዳዋም ወዝ አጣ። «ምነው?» ሲላት፣ «ብርድ ነው» ትለዋለች፤ እሱም ብርድ እንዲሆን ስለፈለገ አመናት።

አምና ሐኪሞቹ ሲመለሱ ሸምሶ ማንንም ሳይሰማ፣ ድንጋይም ሳያስቀምጥ፣ ባሂራን በእጇ ይዞ አንደኛ አስገባት። ማንም አልሳቀም፤ ገሠሠም አልቀለደ። ሰው ፊቷን አይቷል። ሸምሶ ጋቢውን እንደለበሰ ከመጋረጃው ወዲህ ቆመ። ከወዲያ በኩል የዶክተር ማስተዋል ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ።

«እናቴ፣ ይህ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ቆየ።»

«አምና እኮ እዚሁ ነበርን። ያኔ ብናየው… አምና የት ነበሩ?»

ሸምሶ ወደ መጋረጃው ጠጋ አለ። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ብረት እስከ ደረቱ የወጣ መሰለው።

«ወልቂጤ ነበርኩ» አለች ባሂራ። «ልጄ ጋ። የመምጣታችሁን ወሬ አልሰማሁም።»

ቤት ተመለሱ። ባሂራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሸምሶ ቆሞ ቀረ።

«ለምን ዋሸሻት?» አላት በመጨረሻ።

«ጋቢውን ለብሰህ ቆመህ ነበር» አለች። «ምን ልበላት?»

ሸምሶ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«አልከፋኝም ብዬ አልዋሽህም፣ የሃሊማ አባት። ለሐኪሟ ዋሸሁ፤ ላንተ ግን አልዋሽም። ከፍቶኛል። ያን ጊዜ ድንጋዬን ስታነሳ አልነበረም የከፋኝ። የለም ስትላት ነው። አጠገብህ ነበርኩ እኮ።»

እሱ ማልቀስ ጀመረ። ያን ያህል ዘመን ጦር ሜዳ ያላለቀሰ ሰው እንደ ልጅ አለቀሰ። ባሂራ ጋቢውን ከእጁ ወስዳ ለበሰችው፤ በርዷት ነበር።

ዶክተር ማስተዋል የሚቻላትን አደረገች። ራሷ በመኪናዋ አዲስ አበባ ይዛት ሄደች፤ ሃሊማም ከወልቂጤ መጥታ አስታመመቻት። ጡቷ ተቆረጠ፤ መድኃኒትም ተሰጣት፤ ፀጉሯ ረገፈ። ነገሩ ግን ሳንባዋ ደርሶ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን ሲናገሩ ለእሷ ሳይሆን ለሸምሶ ነው የተናገሩት። እሱም እንዳይነግራት ተማከሩ። እሷ ግን ቀድማ አውቃለች፤ «በርበሬዬ ሳይበላሽ ሽጡት» ብላለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት ሸምሶ ልጅ ሆኖ ሲሰማው ይስቅበት ነበር። አሁን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ሲያስበው አላሳቀውም።

ቡታጅራ መልሰው አመጧት። ክረምት ሳይገባ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አረፈች። ከተማው በሙሉ ቀበራት፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ያረጁት ወታደሮች ከጥያም ከጉብሬም መጡ። ባዩም መጥቶ ነበር፤ እናቱ ድነዋል፤ ወገባቸው ቀና ብሎ ገበያ ይወጣሉ። ባዩ የሸምሶን ጉልበት ስሞ፣ «እርስዎ ባይኖሩ እናቴን አጥቼ ነበር» አለ። ሸምሶ «አልሃምዱሊላህ» አለው። ከልቡ ነበር ያለው፤ ያሳመመውም ከልቡ መሆኑ ነው። ሴትየዋ እንዲሞቱ አልፈለገም። ባሂራም ብትሆን አትፈልግም ነበር።

ዘንድሮ መስቀል አለፈና ሐኪሞቹ መጡ። ሀብተጊዮርጊስ ዋዜማውን ሸምሶ ቤት መጥቶ፣ «ሰልፉን ሌላ ሰው ይያዝ፣ አንተ ዕረፍ» አለው። «እኔ እይዛለሁ» አለ ሸምሶ።

ጠዋት ሰዎች ሲመጡ እሱ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ከደረጃው ሥር፣ ሰልፉ በሚጀምርበት ቦታ፣ አንድ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ተቀምጧል። ሀብተጊዮርጊስ አየውና የራሱን ድንጋይ ከኋላው አኖረ። የቀሩትም እንደዚያው አደረጉ። ገሠሠ መጥቶ ድንጋዩን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

በሩ ተከፈተ። «የመጀመሪያው ይግባ!» አለች አንዲት ነርስ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ጠራች። ዶክተር ማስተዋል ነገሩ ምን እንደሆነ ለማየት ወጣች፤ ሸምሶን ስታይ ፈጥና ወረደችና ትከሻውን ስማ፣ «አላህ ያጽናዎት ጋሽ ሸምሶ» አለችው። ከዚያ ሰልፉን አየች። «ማን ነው ተራው?»

«ልጄ» አለ ሸምሶ። ድምፁ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ ከፍ ያለ ነበር። «ካቻምና፣ ከዚሁ በር ላይ፣ የቀረ ሰው አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

በዱላው ድንጋዩን አሳያት። «አንድ ሰው ቀርታ ነበር» አለ።

ዶክተር ማስተዋል ድንጋዩን አየች፤ ቀጥሎ እሱን አየችው። ወልቂጤ ነበርኩ ያለቻት ሴት ትዝ ስትላት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሸምሶ ዞር ብሎ ሁለተኛው ሰው እንዲገባ ምልክት ሰጠ። ሀብተጊዮርጊስ በድንጋዩ ጎን ዞሮ፣ እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ደረጃውን ወጣ። ሰልፉም እስኪመሽ ድረስ በዚያው ጎን እየዞረ ሲገባ ዋለ።